ዓሣው በጎኑ ሲተኛ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውሃውን

(የዚህ ሳምንት የፖድካስት ክፍል በጽሑፍ። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)

ዛሬ ለየት ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ዓሣ ነው። ለሰንበት ስለሚሠራው ዓሣ አይደለም፤ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ገንዳ ስለሚኖረው፣ ስም ስላለው፣ ልጆች ስለሚወዱት ዓሣ ነው።

«አሁን ስለ ዓሣ ምን ይወራል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። ግን እዩት እስቲ፣ ዛሬ በስንቱ ቤት ልጆች አክዋርዩም አስገብተዋል። ከዚያ ልጁ ወታደር ይገባል፣ ልጅቷ ለትምህርት ትሄዳለች፣ ያገባሉ። ዓሣው ግን እኛ ዘንድ ይቀራል። ሲታመም ደግሞ የሚያገኘው እኛን ነው። እኛ ደግሞ ምን እናውቃለን? ላም ሲታመም እናውቃለን፣ በቅሎ ስታነክስ እናውቃለን። ዓሣ ሲታመም ግን አያነክስ፣ አይጮህ። ስለዚህ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁና ከዚያ እንዴት እንደሚመረመር አብረን እናያለን።

የእኛ ዓሣ ኦስካር ይባላል፤ የዘሩ ስም ነው። ልጄ ያወጣለት ስም ግን «ነብሩ» ነው፤ ጥቁር መደብ ላይ ብርቱካናማ ጅራት ጅራት መስመር ስላለው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ ነው። ሲገዛ ጣት ታክላለች፤ በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ይገርማችኋል፣ ዘመዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጣና ቆሮሶና የኪኔሬት አምኖን ከእሱ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሲክሊድ ይባላሉ።

ኦስካር ሰው ያውቃል። የሚያበላውን ሰው ሲያይ ወደ መስታወቱ ይመጣል፣ ጭራውን ያወዛውዛል። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል። ያኮርፋልም። ገንዳው ውስጥ ድንጋይ ካዛወራችሁበት፣ ወይም ውሃውን ከቀየራችሁ በኋላ፣ መሬት ላይ በጎኑ ተኝቶ የሞተ ሊመስል ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ምክንያቱም እኔን ያሳሳተኝ አንዱ ይህ ነው።

ልጄ ወታደር ሲገባ «አባ፣ ነብሩን አደራ» አለኝ። አደራ ከባድ ነገር ነው፤ ታውቃላችሁ። ገንዳው 300 ሊትር ነው። ከታች ቁም ሳጥን አለው፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ፊልተሩ ተቀምጧል። እኔ ማብላቱን ተማርኩ፣ በየሳምንቱ ውሃ መቀየሩን ተማርኩ። ወራት አለፉ፣ ነብሩ ደህና፣ እኔም ደህና።

ፋሲካ መጣ። እንግዲህ ቤታችን ለፋሲካ እንዴት እንደሚጸዳ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከጣሪያ እስከ መሬት ነው። በዚያ ግለት ላይ ሆኜ ፊልተሩን ከፈትኩት። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ ጭቃ የመሰለ ነገር ይዟል። «ይህ ሁሉ ቆሻሻ!» አልኩና በቧንቧ ሙቅ ውሃ ጨምቄ፣ እንደገና ጨምቄ፣ እንደ አዲስ ነጭ እስኪሆን አጠብኩት። የዓሣው ምግብ ደግሞ ስንዴ አለበት፤ የፋብሪካው እንክብል አብዛኛው ስንዴ ይገባበታል። ሐሜጽ ነው ብለን አወጣነው። በምትኩ ጥሬ ዓሣ እየቆረጥኩ ሰጠሁት። የለመደው ምግብ ስለቀረበት አሳዘነኝና በቀን አንዴ የነበረውን ሦስቴ አደረግሁት።

በበዓሉ አጋማሽ አንድ ጠዋት ስነሳ ነብሩ ወደ እኔ አልመጣም። ጥግ ላይ በጎኑ ዘመም ብሎ ተኝቷል። «አኩርፏል» አልኩ፤ ገንዳውን ነካክቼበት ስለነበር። ማታ ምግብ ሰጠሁት፣ አልበላም። ምግቡን ትቼለት ሄድኩ። በማግስቱ ከውሃው አናት ላይ ሆኖ አፉን እየከፈተ እየዘጋ አየሁት። መተንፈሻው፣ ስንጥቡ ማለቴ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይላል። ቀለሙ ጠቁሯል።

በዚያው ቀን ልጄ ደወለ። «አባ፣ ነብሩ እንዴት ነው?» አለኝ። «ደህና ነው፣ ምን ይሆናል» አልኩት። ለምን ዋሸሁ? አፈርኩ። ልጁ እዚያ ምን ላይ እንዳለ አላውቅም፣ በዓሣ ጉዳይ ላስጨንቀው? ብዬም ነው። ግን አብዛኛው ሐፍረት ነው።

ከዚያ የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። «ዓሣዬ ታሟል፣ አይበላም፣ ይተኛል» አልኩ። ማንም ስለ ውሃው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አንድ ጠርሙስ የጥገኛ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። ቤት መጥቼ ጨመርኩ። ያን ሌሊት ነብሩ ባሰበት። ከውሃው አናት አልወረደም፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

ያኔ ነው አጎቴ ጋ የደወልኩት። አጎቴ ቤት ሸዓን ሸለቆ ውስጥ በኪቡጽ የዓሣ ኩሬዎች ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። የነገርኳቸውን ሁሉ ሰሙና፣

«ዓሣውን ተወውና ውሃውን ንገረኝ» አሉኝ።

«ውሃውማ ጥሩ ነው አጎቴ፤ እንደ መስታወት ጠርቷል» አልኳቸው።

«መጥራቱን አልጠየቅሁህም። መርምረኸዋል ወይ?»

ዝም አልኩ።

«ስማ» አሉኝ፤ «እኛ ኩሬው ዳር ጎህ ሳይቀድ እንሄዳለን። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ካየናቸው፣ መጀመሪያ በሽታ አንልም። መጀመሪያ ውሃውን እንለካለን። ሰው አየር ሲያጥረው የሳንባ መድኃኒት ነው የምትሰጠው ወይስ መስኮት ነው የምትከፍተው? ልጅህ መለኪያ አላስቀመጠም?»

ከገንዳው በታች ያለውን ቁም ሳጥን ከፈትኩ። እዚያው ነበር። ትንሽ ሳጥን፣ ውስጡ ጠብታዎችና የመስታወት ብልቃጦች። ከጎኑም የልጄ ደብተር፤ በየሳምንቱ የለካውን ጽፎበታል። ወር ሙሉ ሳልፈልገው፣ እጄ ሥር ነበር። ልጄቱ መመሪያውን አነበበችልኝና ለካን።

አሞኒያ፣ 2 ሚሊ ግራም በሊትር። መሆን ያለበት ዜሮ ነው። ናይትራይት፣ በዕብራይስጥ ኒትሪት የሚሉት፣ 1። እሱም መሆን ያለበት ዜሮ ነው። ፒኤች 8። በልጄ ደብተር ላይ አሞኒያና ናይትራይት ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው የሚለው።

ስለዚህ ነብሩ ጥገኛ አልነበረበትም። ተመርዞ ነበር። የመረዝኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የዛሬው ነገር ዋናው ይህ ነውና። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥላል። በወንዝ ውስጥ ውሃው ብዙ ስለሆነ ይበተናል። በገንዳ ውስጥ ግን የትም አይሄድም። የሚያድነው ባክቴሪያ ነው። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ቀይ የነበረው ስንጥብ ቡናማ ይሆናል። ሁለተኛው ዓይነት ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ውሃ ስንቀይር እሱን እናወጣለን።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት የት ነው? ያ ቡናማ፣ የሚያዳልጠው ስፖንጅ ላይ ነው። ቆሻሻ አልነበረም። እርሾ ነው።

እናቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ቡኮ ያለ እርሾ አይነሳም። ለፋሲካ እርሾውን ከቤት እናወጣለን፤ ከበዓሉ በኋላ አዲስ እስኪይዝ ቀናት ይፈጃል። እኔ የራሳችንን እርሾ ሳወጣ የዓሣውንም እርሾ አብሬ አወጣሁት። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎር አለበት፤ ክሎር የተጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። ሥራውን ሠራ። በላዩ ላይ ምግቡን ሦስት እጥፍ አደረግሁት። ከዚያም መድኃኒት ጨመርኩ። ብዙዎቹ የጥገኛ መድኃኒቶች ዓሣው በደንብ እንዳይተነፍስ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹም የቀረውን ባክቴሪያ ይገድላሉ። ለዚህ ነው ሌሊቱን የባሰበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የእስራኤል የቧንቧ ውሃ በብዙ ቦታ ኖራ የበዛበት፣ ፒኤቹም ከፍ ያለ ነው። አሞኒያ በፒኤች 7 ላይ አብዛኛው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ነው የሚገኘው፤ መርዙ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ሲሆን መርዙ ከመቶ 5 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም አሥር እጥፍ ገደማ። ሙቀት ሲጨምርም እንዲሁ ይብሳል። ስለዚህ እንግሊዝ አገር ያለ ሰው «1 ሚሊ ግራም አሞኒያ ብዙ አይደለም» ቢላችሁ፣ የእሱ ውሃና የእናንተ ውሃ አንድ ላይሆን ይችላል።

ምን አደረግን? በዚያው ሰዓት የውሃውን ግማሽ ቀየርን። አዲሱ ውሃ ክሎር ማጥፊያ የተጨመረበት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ። የአየር ፓምፕ አስገባን። ምግብ ሙሉ በሙሉ አቆምን፤ ጤነኛ ትልቅ ኦስካር ከሳምንት በላይ ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም፣ አትፍሩ። ለናይትራይቱ ጨው ጨመርን፤ በአንድ ሊትር 1 ግራም፣ ለ300 ሊትር 300 ግራም፣ በባልዲ ውሃ በጥብጠን ቀስ እያልን። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል። ጨው ግን አሞኒያን አይከላከልም፤ ለአሞኒያ ያለው መፍትሔ ውሃ መቀየር ነው። በቀየርን ቁጥር ደግሞ ለወጣው ውሃ ልክ ጨው እንተካለን፤ 150 ሊትር ካወጣን 150 ግራም።

እርሾውንስ? ተበደርነው። ፎቅ ላይ ያለ የጎረቤት ልጅ አክዋርዩም አለው፤ ዓሦቹ ጤነኞች ናቸው። ከፊልተሩ ግማሽ ስፖንጅ ቆርጦ፣ በራሱ ገንዳ ውሃ አርሶ፣ በፌስታል ሰጠን። እኛም ፊልተራችን ውስጥ ከተትነው። ድሮ ከጎረቤት እርሾ እንደምንበደረው ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከታመመ ገንዳ ስፖንጅ አይወሰድም፤ በሽታውን ይዞ ይመጣል። መድረቅም የለበትም።

በየቀኑ ለካን፣ በየቀኑ ቀየርን። በሦስተኛው ቀን አሞኒያው ወደ ግማሽ ሚሊ ግራም ወረደ፤ ናይትራይቱ ግን ወደ 2 ወጣ። ልጄቱ ደነገጠች። አጎቴ ግን «ደህና ነው፤ የመጀመሪያው ባክቴሪያ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው፣ ሁለተኛው ይከተላል» አሉ። በአምስተኛው ቀን ነብሩ አንድ ትንሽ ቁራጭ በላ። በ16ኛው ቀን ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። የተበደርነው እርሾ ባይኖር አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር።

እሺ። ይህ የእኔ ጉዳይ ነው። የእናንተ ዓሣ ሲታመም ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዴት እንደሚመረመር ልንገራችሁ። አራት ደረጃ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

አንደኛ፣ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ተቀየረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡን ሁሉ ጠይቁ። አዲስ ዓሣ ገባ? ፊልተር ታጠበ? ምግብ ተቀየረ? የትንኝ ወይም የበረሮ መርጫ ቤት ውስጥ ተረጨ? እሱ ለዓሣ ከባድ መርዝ ነው። ኤኮኖሚካ በነካው ባልዲ ውሃ ተሞላ? ማሞቂያው ይሠራል? በእኛ ቤቶች ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ፤ የሰንበት ሰዓት። መብራቱን ለማጥፋት ብለን ፊልተሩንም እዚያው ሰዓት ላይ ከሰካነው፣ አርብ ማታ መብራቱ ሲጠፋ ፊልተሩም አብሮ ይቆማል። ውሃ ሳይንቀሳቀስለት ለብዙ ሰዓት የቆየ ፊልተር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ ፊልተርና የአየር ፓምፕ ለብቻቸው፣ ሰዓት የሌለበት ሶኬት ላይ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ተቀመጡና አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። እጃችሁን አታስገቡ፣ መስታወቱን አትምቱ። መተንፈሱን እዩ፦ ይፈጥናል? ሁለቱም ስንጥብ እኩል ይከፈታል? የት ነው ያለው፦ ከላይ፣ ከታች፣ ወይስ የፊልተሩ ውሃ የሚወድቅበት? ከላይ የሚሆነው አየር ፈልጎ ነው። ክንፎቹ ተዘርግተዋል ወይስ ተጣብቀዋል? ሰውነቱን ድንጋይ ላይ ያሻል? ኩሱ ምን ይመስላል? ቆዳው፣ ዓይኑ፣ ሆዱስ? በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፤ በኋላ ቬትሪናር ሲያይ ከመቶ ቃል ይበልጣል።

ኩርፊያን ከበሽታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ያኮረፈ ኦስካር በጎኑ ይተኛል፤ ግን አተነፋፈሱ ዝግ ያለ ነው፣ ዓይኑ ይከተላችኋል፣ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተነስቶ ይበላል። አተነፋፈሱ ከፈጠነ ግን ኩርፊያ ብላችሁ አትለፉ። እኔ አልፌ ነው አንድ ቀን ሙሉ ያባከንኩት።

ሦስተኛ፣ ውሃውን ለኩ። አሞኒያ ዜሮ። ናይትራይት ዜሮ። ናይትሬት ከ40 በታች፣ ከ20 በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ሙቀት ከ25 እስከ 27 ዲግሪ። የጠብታ መለኪያ ከወረቀቱ የበለጠ ይታመናል፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን ግን እዩ፣ ጊዜው ያለፈበት ይዋሻል። መለኪያ ከሌላችሁ ብዙ ሱቆች በብልቃጥ ካመጣችሁላቸው ይለኩላችኋል፤ ስትጠይቁ ግን «ጥሩ ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ። ቁጥሩን ጠይቁ። በበጋ ደግሞ ማዝጋን በሌለበት ክፍል ውሃው 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሙቅ ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ ስለዚህ ዓሣው ከላይ ሆኖ አፉን ሊከፍት ይችላል። እዚያ ላይ መፍትሔው የአየር ፓምፕና ማቀዝቀዝ ነው።

አራተኛ፣ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ዓሣው አሁንም ከታመመ፣ ያን ጊዜ ብቻ በሽታ ፈልጉ። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

ቆዳውና ክንፉ ላይ የተበተነ ጨው የመሰለ ነጭ ነጥብ ካለና ሰውነቱን የሚያሽ ከሆነ፣ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ነው። ይህ ጥገኛ ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አይነካውም፤ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ነጥቡ ጠፋ ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አታቁሙ፤ ቢያንስ አሥር ቀን ይቀጥላል። ሙቀቱን ቀስ ብሎ ወደ 30 ማድረስ የጥገኛውን ዑደት ያፋጥነዋል፤ አየር ግን አብሮ መጨመር አለበት።

ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ መርፌ የወጋው የሚመስሉ፣ ከታዩ፣ ይህ በኦስካር ላይ የታወቀ ችግር ነው። ውሃው ለብዙ ጊዜ ናይትሬት ከበዛበትና ምግቡ አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ ይመጣል። ኩሱ ነጭና እንደ ክር የረዘመ ከሆነ ደግሞ አንጀት ውስጥ ጥገኛ ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ ቬትሪናር ሜትሮኒዳዞል የሚባል መድኃኒት ያዛል።

ሆዱ ተነፍቶ ሚዛኑን ስቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ በልቶ ወይም ደርቆበት ነው። ሁለት ሦስት ቀን አታብሉት፤ ከዚያ የተላጠ የበሰለ አተር ሞክሩ። ኦስካር ጠጠርም ይውጣል፤ ገንዳው ውስጥ ትንንሽ ጠጠር ካለ ይህን አስቡ።

አንድ ዓይን ብቻ ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመትቶ ነው፤ ውሃው ንጹሕ ከሆነ ራሱ ይሻለዋል። ሁለቱም ዓይኖች ከወጡ ግን ከውስጥ የመጣ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ሆዱ አብጦ ቅርፊቶቹ እንደ ጥድ ፍሬ የቆሙበት ነው። ይህ ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት እንዳቃተው ያሳያል። ቶሎ ቬትሪናር ካላየው ተስፋው ጥቂት ነው፤ አይቶትም ላይድን ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ስለ መድኃኒት ሦስት ነገር አስታውሱ። አንድ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ አትቀላቅሉ። ሁለት፣ አንቲባዮቲክ ያለ ቬትሪናር ትእዛዝ አትስጡ። እዚህ አገር ዓሣ የሚያዩ ቬትሪናሮች አሉ፤ ሁሉም አያዩም፣ ስለዚህ ስትደውሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ሦስት፣ «ለብርታት» ብላችሁ ከሱቅ ትንንሽ ወርቃማ ዓሣ በሕይወቱ ገዝታችሁ አታብሉት። በሽታ ይዞ ይገባል፤ ሥጋው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገርም ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል።

ስለ ራሳችሁም ተጠንቀቁ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ሳታደርጉ ገንዳ ውስጥ አታስገቡ። በዓሣ ገንዳ ውሃ ውስጥ የሚገኝ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በቁስል ገብቶ ለሳምንታት የማይድን እብጠት ያወጣል። እጃችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ኩፓት ሖሊም ስትሄዱ «አክዋርዩም አለኝ» ብላችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁ ሐኪሙ ላይጠረጥር ይችላል።

የማይድን ከሆነስ? በኦሪት የወደቀን አህያ፣ የጠላትህ እንኳ ቢሆን፣ አልፈህ እንዳትሄድ ታዘናል። እንስሳ ማሰቃየት ክልክል ነው። ቬትሪናሩ ያለ ስቃይ የሚያሳርፍበት መንገድ አለው። በሕይወቱ ሽንት ቤት መጣል ወይም በረዶ ቤት መክተት አይገባም። «ነጻ ላውጣው» ብላችሁ ኪኔሬት ወይም ወንዝ ውስጥ መልቀቅም አይሆንም፤ በሽታ ያዛምታል፣ የአገሩን ዓሣም ይጎዳል።

ልጨርስ። ልጄ ከበዓሉ በኋላ ለሰንበት መጣ። ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ወደ ገንዳው ሄደ። ነብሩ ወደ መስታወቱ መጣለት፣ ጭራውን አወዛወዘለት። ግን ልጄ ዓይኑ የሠለጠነ ነው። «አባ፣ ክንፉ ጫፉ ተበልቷል። ከስቷልም። ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ስፖንጁን፣ ምግቡን፣ መድኃኒቱን፣ ሁሉንም። «ስትደውል ደህና ነው ያልኩህም ውሸት ነው» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየና «አባ፣ ያን ቀን ብትነግረኝ እኮ መለኪያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ እልህ ነበር። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አለኝ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እኔ ሁልጊዜ ይህ ለታማሚው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ነብሩ ግን ምንም አልደበቀም። በጎኑ ተኛ፣ ከላይ ወጣ፣ አፉን ከፈተ፤ የሚችለውን ሁሉ ተናገረ። የደበቅሁት እኔ ነኝ።

አሁን ልጄና እኔ በአንድ ደብተር እንጽፋለን። እሱ ሰንበት ሲመጣ ይለካል፣ ሳይመጣ እኔ እለካና ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ። ፊልተሩን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው፤ ያውም ግማሹን ስፖንጅ ብቻ፣ ሌላውን ግማሽ ከወር በኋላ። ለመጪው ፋሲካ ደግሞ ፊልተሩ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌበታለሁ፦ «ይህ አይነካም»።

ጥያቄ ካላችሁ እንደተለመደው በድምፅ መልእክት ላኩልን። ስለ ዓሣ ስትጠይቁ ግን የውሃውን ቁጥር አብራችሁ ላኩ፤ ያለዚያ መልሳችን አጎቴ የመለሱልኝ ነው የሚሆነው። ሰላም ቆዩ፣ ሻባት ሻሎም።